ሲሞኖቭህ አንዱን ተኩሶ ቀጣዩን አልጎርስም ሲል

ስለ ሲሞኖቭ ጠመንጃ ነው። ኤስኬኤስ የምትሉትም ያው እሱ ነው። አስር ጥይት ይይዛል፣ ቃታውን በሳብክ ቁጥር አንድ ይተኩስና ቀጣዩን ራሱ ያቀባብላል። ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ አጋዘን ያድንበታል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከቻይና እየገባ ከ100 ዶላር በታች ይቸበቸብ ስለነበር ኪሱ የሳሳ አዳኝ ሁሉ የሚይዘው እሱን ነበር። እኛ ጋ ደግሞ የዘበኛ ትከሻ ላይ ነው። ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ፎቆች በር ላይ ቆሞ የሚያድረው መሳሪያ ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው። ፈቃዱን ሳላይ አልነካም። ከጦር መሳሪያ ቁጥጥሩ አዋጅ 1177/2012 ወዲህማ ጭራሽ።

ጥይት ማውጣቱን፣ ካዝናውን ማየቱን፣ ጉሮሮውን፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበትን የበርሜሉን ኋላ፣ በጣት መዳበሱን ታውቃለህ ብዬ ነው የምጀምረው። ይሄን የማያውቅ ሰው እዚህ ጋ ያቁም። መፍታት አይጀምር።

ይተኩሳል፣ ግን ራሱ አያቀባብልም

አስር ጊዜ ብጠራ ሰባቱ ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ጥይት ጧ ይላል። ከዚያ ዝም። ቀለሁ ወይ አልወጣም፣ ወይ ግማሽ ወጥቶ መዝጊያው ነክሶት ቆሟል። በእጅህ ስትስበው ይወጣል። ሁለተኛውም በእጅ፣ ሶስተኛውም በእጅ። መሳሪያህ ምንሽር ሆኖልሃል ማለት ነው።

ጥበቃዎቹ ሁሌም የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ሞላው ደክሞ ነው።» አይደለም። ሞላው ደክሞ ያገኘሁት በዚህ ሁሉ ዓመት አንዴ ነው፣ እሱንም አንዱ ብልጥ ቆርጦ አሳጥሮት ነበር።

ችግሩ ጋዙ ጋ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በርሜሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣና ከላይኛው እንጨት ስር፣ ቱቦ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ ከኋላው ያለውን አጭር ዘንግ ይመታል። ዘንጉ የመዝጊያውን ተሸካሚ ወደ ኋላ ይወረውራል። ፒስተኑ ከዛገ ወይም ከተጣበቀ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል። መዝጊያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። በቃ።

ለምን ይዝጋል? አንደኛው ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰውየው ዝናብ ላይ ቆሞ ያድራል። ጠዋት መሳሪያውን ለተረኛው ያስረክባል፣ ተረኛው ደግሞ ከላይ በጨርቅ ያብሳል። ሰደፉን እንደ መስታወት ያበሩታል። ማንም ቱቦውን አይከፍትም። ሁለተኛው ጥይቱ ነው። አሮጌው ወታደራዊ ጥይት አብዛኛው ካፕሱሉ፣ ቂጡ ላይ ያለችው ባሩዱን የምታቀጣጥለው፣ ውስጥ ያለው ኬሚካል ተቃጥሎ ሲያልቅ ጨው ይተዋል። የምልህ ቀልድ አይደለም፣ የወጥ ጨው ዘመድ ነው። ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠራል። የሩሲያና የቻይና በርሜሎች ውስጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ክሮም ስለተቀባ ይቋቋሙታል፣ ቱቦው ግን ያ ዕድል የለውም። ስለዚህ ሰውየው በአፈሙዙ አሻግሮ አይቶ «ንጹህ ነው» ይልሃል፣ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ያለው ቱቦ በልቶ ጨርሷል።

አሁን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጨውን ዘይት አያሟሟውም። ላምባም አያሟሟውም። የሚያሟሟው ውሃ ነው። «ጠመንጃ ውስጥ ውሃ?» ብሎ ያልጮኸብኝ ጥበቃ የለም። አዎ ውሃ። የፈላ ውሃ። አንዴ ሰንጋ ተራ ከአንድ ፎቅ ጀርባ ቡና የምታፈላዋን ልጅ ጀበናዋን ለምኜ ነው የሰራሁት፣ እሷም ደንግጣ ጀበናዬን ለባሩድ አልሰጥም ብላ በመጨረሻ በማንቆርቆሪያ ሰጠችኝ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ይበቃል። ሙቅ ሲሆን ብረቱም ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ከኋላኛው ማነጣጠሪያ በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ቀስ ብለህ ወደ ላይ አንሳ። ቀስ ብለህ አልኩ። ካሳለፍካት ከኋላ ያለው ዘንግ ከነሞላው ተስፈንጥሮ ይወጣል። አንዱ ጋ ወጥቶ የጥበቃ ቤቱን አምፖል ነው የሰበረው፣ ሞላዋን ሶስት ሆነን ከአልጋ ስር ስንፈልግ አመሸን። ቱቦውን ከነእንጨቱ አውጣ። አሁን አቁመህ ያዘው። ፒስተኑ በገዛ ክብደቱ ሸርተት ብሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ ችግርህን አገኘኸው። ፒንሳ እንዳታመጣ! ላምባ አፍስሰህ አሳድረው፣ ጠዋት በእንጨት ገፋ አድርገው፣ ይወጣል።

ከዚያ የፈላውን ውሃ በቱቦውም፣ በፒስተኑም፣ በርሜሉ ላይ ባለችው የጋዝ ቀዳዳም አሳልፍ። ጥቁሩን በጨርቅና በመዳብ ብሩሽ ፈግፍገው። አድርቀው። ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለ ምድጃ ዳር፣ እሳቱ ላይ ግን አይደለም። በርሜሉን ስስ ዘይት አስነካው። ፒስተኑንና ቱቦውን ደረቅ ተወው። ደረቅ! እዚያ ውስጥ የገባ ዘይት በጋዙ ሙቀት ተቃጥሎ ሙጫ ይሆናል።

የምግብ ዘይትማ ተወው። አንድ ጋሼ፣ በጣም የማከብራቸው ሰው፣ መሳሪያቸውን እንደ ልጅ ነበር የሚይዙት። ሁሌ ያብረቀርቃል። ግን አይሰራም። ቱቦውን ስከፍተው ምን ቢሸተኝ ጥሩ ነው? ቁሌት። ከክበቡ ኩሽና ሽንኩርት የተጠበሰበትን ዘይት ትራፊ እየለመኑ በየሳምንቱ ያፈሱበታል። ፒስተኑ ቡናማ ሆኖ እንደ ድስት ቂጥ ተጋግሯል። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው «እኔኮ ዘይት ነው ብዬ ነው» ይላሉ። ምን ይባላል።

ብርጭቆ ወረቀትም አትጠቀም። ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ልጅ ፒስተኑን እንደ ብር ማንኪያ አብርቶ ጠበቀኝ። ያምራል። ግን ፍቆ ፍቆ አቅጥኖታል። ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ ያው በሽታ በሌላ በር ተመለሰ። እንዲህ የሆነ ፒስተን አይታከምም፣ ይቀየራል። ስትቀይር ደግሞ «ልክ ይመጣል» ብለው ከባሌስትራ ሞርደው የሚሰሩልህን አትመን። አንዱን አይቼዋለሁ። በሃያ ጥይት ውስጥ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተከፈተ።

ቃታ ሳይነካ ይባርቃል

ይሄኛው ብዙ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ሰው ይገድላል። መዝጊያውን ለቀቅከው፣ ጣትህ ቃታው ላይ የለም፣ ጧ አለ። አንዳንዴ ተከታትሎ ይሄዳል፣ ካዝናው እስኪያልቅ። አንድ የጥበቃ ድርጅት በግራሶ ተሞልተው የኖሩ መሳሪያዎች ገዝቶ ከከተማ ውጭ ለልምምድ ይዞን ሄደ። ከላይ ተጠርገዋል። የመጀመሪያው ሰው አስር ሞልቶ ለቀቀው፣ ሶስት ተከታትሎ ወጣ። አፈሙዙ ወደ አፈር ቁልሉ ስለነበር እግዜር አወጣን። ልጁ ለግማሽ ሰዓት አልተናገረም።

ምክንያቱ መርፌው፣ ካፕሱሉን የሚመታው፣ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የሶቪየት ምርቶች በቀር የሲሞኖቭ መርፌ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለውም፣ መዝጊያው ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንሸራተታል። የደረቀ ግራሶ ወይም ዝገት ጫፉ ወደ ፊት እንደወጣ ካስቀረው፣ መዝጊያው ሲዘጋ ካፕሱሉን ይመታል። መፈተሻው ቀላል ነው። መዝጊያውን አውጥተህ ጆሮህ ጋ ነቅንቀው። ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ ያ መሳሪያ ጥይት አይግባበት። መያዣዋን ፒን አንኳኩተህ መርፌውን አውጣ፣ መርፌውንም ቀዳዳውንም ላምባ ውስጥ ነክረህ እጠብ፣ አድርቀህ ደረቁን መልስ። የመርፌው ጎድጓዳ ጎን ከፒኗ ጋር መግጠም አለበት። መልሰህ ነቅንቀው። ከዚያ አፈሙዙን ወደ አፈር ቁልል አዙረህ መጀመሪያ አንድ ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ሞልተህ ሞክር። አስር ሞልተህ አትሞክር።

ሌሎቹ

ቀለሁ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ፣ ስቦ የሚያወጣው መንጠቆ ጠርዙን ቀዶ ወጣ፦ ጉሮሮው ዝጓል ወይም ቆሽሿል። ከአፈሙዙ በኩል በዘንግ ግፋው፣ ጉሮሮውን በብሩሽ አጽዳ። መንጠቆውን አትክሰስ።

አንድ ሲሳብ ሁለት ይወጣል፦ ቃታው እንዲለሰልስ ብሎ ውስጡን ሞረድ ያስነካ ሰው አለ። የቃታውን ክፍሎች ስብስብ ሙሉውን ቀይር። አትጠግን፣ አታስጠግን።

ዩጎዝላቭ ሰራሽ ከሆነና አዲስ ሆኖም በእጅ ካልሳብከው ካላለ፦ የቦምብ መወርወሪያ ያለው ሞዴል ጋዝ መዝጊያ አለው። ተዘግቶ ይሆናል። ክፈተው።

ተነቃይ ካዝና ተገጥሞለት ጥይቱ አፍንጫውን እየመታ ይቆማል፦ የአክስቴ ልጅ ሶስት ዓይነት ገዝቶ ሶስቱንም ጥሏል። የፋብሪካውን ቋሚ ካዝና መልስለት።

አንድ ቀረ። መዝጊያው አልዘጋ ይላል፣ ወይም ቀለሁ አብጦ ይወጣል፣ ትናንት ደህና ነበር። ይሄ ከጽዳት በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው። ሁለት ጥበቃዎች ተጋግዘው ሁለት መሳሪያ አንድ ጨርቅ ላይ ፈትተው፣ ሻይ መጥቶ፣ ጨዋታ ደርቶ፣ ሲገጥሙ መዝጊያዎቹን አቀያየሯቸው። ሲታዩ መንታ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ለራሱ በርሜል ነው የተለካው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደውለው ጠሩኝ፣ አራት ኪሎ ድረስ በዝናብ ሄጄ ያደረግኩት ነገር ቢኖር መዝጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቤ መልሼ ማቀያየር ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጨርቁ ላይ አንድ መሳሪያ ብቻ። ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቅ።