የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ቤታችሁ ካለ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ሞጣ ወይ ፍኖተ ሰላም፣ አስጠኚ ለመያዝ የመጨረሻውን ወር አትጠብቁ። ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት በፈተናው 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው፤ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ክፍተት ካልተደፈነ ደግሞ የ12ኛውን መሸምደድ ብዙም አያራምድም። ክፍል ሙሉ ተማሪ የያዘ መምህር የእያንዳንዱን ጉድለት ይለይ ማለት ይከብዳል፣ አይፈረድበትም። ጥሩ አስጠኚ ግን ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ያሠራና ልጁ የሳተውን ጥያቄ ራሱ እንዲያስረዳው ያደርጋል፤ ያኔ ፊዚክስ አልገባኝም የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ፊዚክሱ ሳይሆን ክፍልፋይና እኩልታ ሆኖ ይገኛል። ብር ካጠረ ሦስት አራት ሆናችሁ ተካፈሉ። ወይም ለእረፍት የመጣ የሰፈራችሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠይቁ፣ ፈተናውን በቅርቡ ስለወሰደ የቱ ጋ እንደሚያስቸግር ያውቀዋል።