የካምፐር መብራት ሲጠፋ የምንሠራቸው ስህተቶች

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት ወር ቨርጂንያ፣ ሼናንዶህ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ በሚባለው የካምፕ ቦታ በካምፐራችን፣ ማለትም በመኪና በሚጎተት ቤታችን፣ አድረን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ያልፋል፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ የማሞቂያው ማራገቢያ ድምፁ እየደከመ መጣ። መብራቱ ፈዘዘ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ጋዙ ሙሉ ነበር። ግን የሚነደው ጋዝ ቢሆንም ማራገቢያውን የሚያዞረው ባትሪ ነው። እናቴ ጋቢዋን ለልጆቹ ደርባላቸው፣ እሷ በፎጣ ተጠቅልላ አደረች። የዚያ ፓርክ የካምፕ ቦታዎች የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌላቸው ስፒናውን ሰክቼ የማመልጥበት መንገድም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ካምፐር ስፈትሽ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች አሉ። የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ስለሚጎተቱት ካምፐሮች ነው። አውሮፓ ያላችሁ በ120 ቮልት ፋንታ 230 ቮልት ስለምትጠቀሙ ቁጥሮቹን እንዳለ አትውሰዱ።

ሁለቱን ኤሌክትሪክ እንደ አንድ ማየት

ይሄ የስህተቶች ሁሉ እናት ነው። ካምፐር ውስጥ ሁለት የተለያዩ የኤሌክትሪክ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ከባትሪ የሚመጣው 12 ቮልት ነው። መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የማሞቂያውን ማራገቢያና የጋዝ ፍሳሽ ጠቋሚውን የሚያሠራው እሱ ነው። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ እንኳ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው 12 ቮልት ካላገኘ አይነሳም። ሁለተኛው ከካምፕ ቦታው ሳጥን ወይም ከጄኔሬተር የሚመጣው 120 ቮልት ነው። ኤሲው (የአየር ማቀዝቀዣው)፣ ማይክሮዌቩና የግድግዳ ሶኬቶቹ የእሱ ናቸው።

በሁለቱ መካከል ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ። 120ውን ወደ 12 ይለውጣል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ኢንቨርተር ደግሞ በተቃራኒው የባትሪውን 12 ወደ 120 ያወጣል። ብዙ ካምፐሮች ኢንቨርተር የላቸውም። ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ሰው ያምታታቸዋል፤ አንዱን ሊገዛ ሄዶ ሌላውን ይዞ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው ነው የጠፋው?» ብላችሁ ነው። አምፖሎቹ እየበሩ ማይክሮዌቩ ከሞተ ችግሩ በ120 በኩል ነው። ወደ ካምፑ ሳጥን፣ ወደ ገመዱና ወደ ብሬከሮቹ (ጭነት ሲበዛ ራሳቸው ወደሚያቋርጡት ማብሪያዎች) ሂዱ። ማይክሮዌቩ እየሠራ አምፖሎቹ ከጠፉ ችግሩ በ12 በኩል ነው። ባትሪውን፣ ፊውዞቹንና ኮንቨርተሩን እዩ። አንድ አታላይ ምልክት ደግሞ አለ፤ ተሰክታችሁ ሁሉም ነገር ደህና ሲሠራ ይቆይና በማግስቱ መብራቱ ይፈዛል። ኮንቨርተሩ አይሞላም ማለት ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የበላችሁት ባትሪውን ነው።

ሳይለኩ ዕቃ መግዛት

የባትሪና የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ከ20 እስከ 30 ዶላር ይገኛል። ያለ እሱ የሚደረግ ፍተሻ ግምት ነው። አንድ ጓደኛዬ ባትሪው አልሞላ ሲለው ወደ ጥገና ቤት ወሰደው። «ኮንቨርተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አሉትና ብዙ መቶ ዶላር ጠየቁት። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት አምጥቶት ለካነው። ኮንቨርተሩ ምንም አልነካውም። የተቃጠሉት ሁለት ትናንሽ ፊውዞች ነበሩ።

አለካኩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ካምፐሩ ሳይሰካ ባትሪውን ለኩ። ለጥቂት ሰዓታት ሥራ ላይ ያልነበረ የአሲድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። ወደ 12.2 ሲወርድ ግማሽ ደርሷል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ ሰክታችሁ እንደገና ለኩ። ኮንቨርተሩ የሚሞላ ከሆነ ቁጥሩ 13.6 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ባለበት ከቀረ በኮንቨርተሩና በባትሪው መካከል የተቋረጠ ነገር አለ። ፊውዝ፣ የባትሪ ማጥፊያ ማብሪያ ወይም የዛገ ሽቦ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳታዩ ኮንቨርተር አትግዙ።

ሊቲየም ባትሪ ላይ ግን ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳም። ቮልቱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 13 አካባቢ ይቆያል። ለእሱ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል። የድሮ ኮንቨርተርም ብዙ ጊዜ ሊቲየምን እስከ ጫፍ አይሞላውም። ባትሪ የቀየረ ሰው ስለ ኮንቨርተሩም አብሮ ይጠይቅ።

የሽቦውን ቀለም እንደ መኪና ማንበብ

የጓደኛዬ ፊውዞች የተቃጠሉት በዚህ ምክንያት ነበር። መኪና ላይ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ አሜሪካ ሠራሽ ካምፐሮች ላይ ግን ከባትሪው የሚሄዱት ሽቦዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። ፖዘቲቩ ጥቁሩ ነው፤ ነጩ ኔጌቲቭ። ባትሪ ቀይሮ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ ያሰረ ሰው በዚያች ቅጽበት የኮንቨርተሩን መከላከያ ፊውዞች ያቃጥላል። ፊውዞቹ የተቀመጡት ለዚህ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ እዚያው ይቆማል። ቀይሯቸው። አሮጌውን ባትሪ ከመፍታታችሁ በፊት ግን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሽቦዎቹም ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ምልክት አድርጉ።

ትልቅ ፊውዝ መክተት

15 አምፔሩ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል 30 የሚከት አለ። በፎይል የሚጠቀልልም አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ሽቦው የተለካው ለ15 ነው። ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ካምፐር ደግሞ በስስ እንጨትና በአረፋ የተሠራ ቤት ነው።

ምጣዱን ሳያሰሉ መሰካት

ብዙዎቻችን ስንወጣ ምጣድ እንጭናለን፤ ደስ ይላል። ግን ሂሳቡን እንሥራ። ባለ 30 አምፔሩ ካምፐር በ120 ቮልት ሲባዛ ያለው ጠቅላላ አቅም 3,600 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ወደ 1,500 ዋት ይጠጋል፤ 12 አምፔር ተኩል ማለት ነው። ኤሲው ሌላ 13 ገደማ ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ላይ ከሆነ 12 ይጨምራል። 37 አለፈ። ብሬከሩ ሲወርድ ታዲያ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩት፣ እንጀራው እስኪያልቅ ማይክሮዌቩን ተዉት።

ጓሮ ውስጥ የቤት ሶኬት ላይ የምትሰኩ ከሆነ ደግሞ አቅሙ ጠባብ ነው። 15 አምፔር ሶኬት 1,800 ዋት ብቻ ነው ያለው። ምጣዱ ወይም ኤሲው፤ ሁለቱ አብረው አይሆኑም። ምጣዱን በኢንቨርተር ከባትሪ ላሠራ ያለ ካለ ደግሞ 1,500 ዋት ከ12 ቮልት ሲወጣ ከ125 አምፔር በላይ ነው። አንድ ተራ ባትሪ ይህን አይችለውም።

ስስ ኤክስቴንሽን እዚህ ጋ ነው ጉድ የሚሠራው። ብርቱካናማው የጓሮ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ 16 ጌጅ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል፤ ለ30 አምፔር የሚያስፈልገው 10 ጌጅ ነው። በስስ ገመድ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀንሳል፣ የኤሲው ሞተር ደግሞ ቮልት ሲያንሰው ይግላል። ከ105 ቮልት በታች ካያችሁ ኤሲውን አጥፉ። የስፒናውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ዳስሱት። የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ከጠቆረ ያ ገመድ ከእንግዲህ አያገለግልም።

«ሪሴት» ያለውን ሶኬት መርሳት

የወጥ ቤቱ ሶኬት ሞተ ብላችሁ ከመፍታታችሁ በፊት መታጠቢያ ቤት ግቡ። ቴስት እና ሪሴት የሚል ቁልፍ ያለው ሶኬት አለ። እሱ ሲዘጋ ከኋላው ያሉት ሁሉ አብረው ይዘጋሉ፤ አንዳንዴ የውጪው ሶኬት ጭምር። ሪሴቱን ተጫኑ። ወዲያው ተመልሶ ከዘጋ ውጭ ያለው ሶኬት ዝናብ ገብቶበት እንደሆነ እዩ።

ቤት ውስጥ ያለ ዕውቀት ባለ 30 ሶኬት ማስገጠም

ይሄኛው አንዴ ከተሳሳተ ሁሉንም ያቃጥላል። የካምፐር ባለ 30 አምፔር ስፒና ሦስት እግር አለው፤ የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። ካምፐር የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን ግን የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ስለሚመስለው 240 ይሰጠዋል። ሰክታችሁ ባበራችሁት ሰከንድ ማይክሮዌቩ፣ ኮንቨርተሩና ቴሌቪዥኑ አብረው ይሄዳሉ። ሶኬቱ ሲገጠም አጠገቡ ሁኑ፣ ካምፐሩ ሳይሰካ በቴስተር አስለኩ። 120 አካባቢ ካላሳየ አትሰኩ። ቮልቱ ሲዛባ ራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ መግዛትም ገንዘቡ ያስቆጫል ብዬ አላምንም።

ባትሪውን ሳይፈቱ ካምፐሩን ለወራት ማቆም

የኔ የቢግ ሜዶውስ ሌሊት ምክንያት ይሄ ነበር። ካምፐሩ በጋውን ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ነገር ጠፍቷል ብዬ አስቤ ነበር። የጋዝ ጠቋሚው ግን ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። ባትሪው በሳምንታት ውስጥ ባዶ ሆነ። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በወረደ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። የጉዞው ቀን ሞልቼው ወጣሁ፤ ግን የቀረው አቅም ትንሽ ነበር። ጤነኛ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ እንኳ ያለ ጉዳት የሚሰጠው 50ውን ነው። ማራገቢያው 7 አምፔር ከወሰደ፣ ሳያቋርጥ ከሠራ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው።

ስታቆሙት የኔጌቲቩን ሽቦ ከባትሪው ፍቱ። በብርዱ ወር ደግሞ ሞልታችሁ አስቀምጡት፤ ባዶ የአሲድ ባትሪ ውስጡ በረዶ ይሆናል፣ ይሰነጠቃልም። ሊቲየም ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ (32 ፋራናይት) በታች አትሙሉት።

ንዝረትን ማቃለል

መሬት ቆማችሁ የካምፐሩን በር ስትነኩ ከነዘራችሁ፣ ቢያሳክክም እንኳ፣ አትለፉት። የግራውንዱ መስመር (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ በደህና የሚመልሰው ሽቦ) ተቋርጧል፤ ኤሌክትሪክም በካምፐሩ ቆዳ ላይ እየሄደ ነው። በእርጥብ ሣር ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ያን በር ቢይዝ ሊሞት ይችላል። በሩን ሳትነኩ ወደ ካምፑ ሳጥን ሂዱ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ። ልጆቹን ራቅ አድርጓቸው። ለካምፑ ኃላፊዎች ተናገሩና ሌላ ቦታ ጠይቁ። አዲሱ ቦታም ላይ ከነዘራችሁ ችግሩ ከራሳችሁ ካምፐር ወይም ገመድ ነው፤ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አትሰኩት።