በአነስተኛ በጀት የመጀመሪያውን የዓሣ ማጥመጃ ካያክ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

የዓሣ ማጥመጃ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ለመግዛት ማሰስ የጀመረ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በፔዳል በሚነዱት፣ ሞተር በሚገጠምላቸውና የዓሣ መፈለጊያ ስክሪን በተጫነባቸው ላይ ነው። ዋጋቸውን አይቶ ሐሳቡን የሚተው ብዙ ነው። መተው ግን የለበትም። ሞተር ያለው ጀልባ ወደማይገባበት ሸምበቆ ሥር፣ ከጉልበት በማይበልጥ ጥልቀት ላይ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ዓሣው ዘንድ መጠጋት መቻል ነው ካያክን በአጥማጆች ዘንድ ያስወደደው። ይህን ደግሞ ተራ የፕላስቲክ ካያክም ያደርገዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተመሠረቱት በአንድ እምነት ላይ ነው፦ ለጀማሪ የሚበጀው ካያክ ብቻውን አንሥቶ፣ ጭኖ፣ ውሃ ዳር ሊያደርሰው የሚችለው ካያክ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

1ኛ ደረጃ፦ ጀልባ ከማየትዎ በፊት በጀቱን ይክፈሉ

ለጠቅላላው ጉዳይ ማውጣት የሚችሉትን ገንዘብ ወረቀት ላይ ይጻፉና አንድ ሦስተኛውን ወደ ጎን ያስቀምጡ። ይህ ለሕይወት አድን ጃኬት፣ ለመቅዘፊያ፣ ለማሰሪያ ቀበቶዎችና ለፊሽካ የሚውል ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ የካያኩ ዋጋ ጣሪያ ነው። ገንዘቡን በሙሉ ካያኩ ላይ ያዋለ ሰው በመጨረሻ በሱቁ ውስጥ ያለውን ከባድ መቅዘፊያና የማይመች ጃኬት ይገዛል፤ የማይመች ጃኬት ደግሞ ከመቀመጫው ጀርባ ታስሮ ይውላል።

ጃኬቱን ከሁሉ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ስለ መዝናኛ ጀልባ አደጋዎች ባወጣው የ2022 እ.ኤ.አ. ሪፖርት፣ የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ሰዎች 75 በመቶው የሞቱት ሰምጠው ነበር። ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከተመዘገበው ሰምጠው ከሞቱት መካከል ደግሞ 85 በመቶው አልለበሱም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳያወልቁት የሚውሉትን ጃኬት ይግዙ። ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን ተደግፈው ይሞክሩት፤ ለካያክ የተሠራ ጃኬት ከጀርባው የታችኛው ክፍል ስስ ስለሆነ ከመቀመጫው መደገፊያ ጋር አይጋፋም። ከለበሱት በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው፤ አፍንጫዎ ድረስ ከመጣ ሰፍቶዎታል።

መቅዘፊያውን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 30 ጊዜ ብቻ ቢቀዝፉ በሰዓት 1,800 ጊዜ ክንድዎን ያነሣሉ። የአሉሚኒየም እጀታ ያለው ርካሽ መቅዘፊያ ከአንድ ኪሎ በላይ ሲመዝን የፋይበርግላስ እጀታ ያለው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይቀላል። የጥቂት መቶ ግራም ልዩነት በመመለሻው ሰዓት፣ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ፣ ትከሻ ላይ ይታወቃል። የዓሣ ማጥመጃ ካያኮች ሰፊ ስለሆኑ አጭር መቅዘፊያ ጎናቸውን እየመታ ያስቸግራል፤ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ካያክ ከ240 እስከ 260 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ይፈልጉ። መቀመጫው ከፍ ያለ ከሆነ ወደ ረጅሙ ያዘንብሉ።

2ኛ ደረጃ፦ የሚያጠምዱበትን ውሃ ያስቡ

በአብዛኛው የሚሄዱት የት ነው? መልሱ ርዝመቱን ይወስናል። ለኩሬ፣ ለጠባብ ወንዝና ሸምበቆ ለበዛበት ዳርቻ 3 ሜትር አካባቢ የሆነ ካያክ በቀላሉ ይዞራል፣ ለመሸከምም ይቀላል። ለሰፊ ሐይቅ፣ ነፋስ ለሚበዛበት ግድብ ወይም ለባሕር ዳርቻ ግን 3.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ ረጅም ካያክ በእያንዳንዱ ቀዘፋ ብዙ ይሄዳል፣ አቅጣጫውንም ይጠብቃል። ሁለቱንም ውሃ የሚፈልግ ሰው ከ3.2 እስከ 3.6 ሜትር ባለው መካከል ቢፈልግ አይቆጨውም።

ስፋት መረጋጋትን ይሰጣል፣ ፍጥነትን ይወስዳል። ተቀምጦ ለሚያጠምድ ሰው ከ75 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ቆሞ ማጥመድ የሚያስችሉት ከዚያ ይሰፋሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይወደዳሉም። በመጀመሪያው ካያክ ላይ ለመቆም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን አልመክርም። ተቀምጦ መንጠቆ መወርወርን የለመደ አጥማጅ በኋላ መቆም ያስፈልገው እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል።

መረጋጋት ሲባል ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ጥሩ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ካያክ በረጋ ውሃ ላይ ሲቀመጡበት ንቅንቅ አይልም፤ ነገር ግን ከተወሰነ በላይ ካዘነበለ በድንገት ይገለበጣል። ሆዱ ክብ የሆነው ገና ሲገቡበት ይወላወላል፤ ሲያዘነብል ግን ቀስ እያለ ይይዛል፣ በሞገድም የተሻለ ይቆማል። ለጀማሪና ለረጋ ውሃ የመጀመሪያው ይመቻል። ሞገድ ባለበት የሚያጠምድ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ መወላወል ብቻ ተነሥቶ ሁለተኛውን አይናቀው።

3ኛ ደረጃ፦ ከላይ የሚቀመጡበት ወይስ ውስጡ የሚገቡበት?

ለአብዛኛው ጀማሪ አጥማጅ መልሴ ከላይ የሚቀመጡበት ነው። ሰውነቱ እንደ ድፍን ጠርሙስ የተዘጋ ነው፤ ወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የገባውን ውሃ መልሰው ያወርዳሉ። ቢገለበጥ እንኳ ሰው ከውሃው ሆኖ ገልብጦ መልሶ ሊወጣበት ይችላል። ውስጡ የሚገቡበት ካያክ በቅዝቃዜ ወቅት እግርን ከውሃና ከነፋስ ይከላከላል፣ በተመሳሳይ ርዝመት ብዙ ጊዜ ቀላልና ርካሽ ነው። ሆኖም በውሃ ከተሞላ ባዶ ማድረጉ ከዳርቻ በራቀ ቦታ እጅግ ከባድ ነው። በርካሾቹ ላይ ውሃ የማያስገባ የውስጥ ግድግዳ አለመኖሩ የተለመደ ስለሆነ ይህንኛውን ከመረጡ ከፊትና ከኋላ የሚንሳፈፍ ስፖንጅ ወይም በአየር የሚነፋ ከረጢት ያስገቡበት።

ማስቀመጫ ቦታ ለሌለው ወይም መኪናው ላይ መጫን ለማይችል ሰው የሚነፋ ካያክም አለ። መንጠቆ ሁሉ ይበሳዋል ማለት ስሕተት ነው፤ በደንብ የተሠሩት ፒቪሲ ከተባለ ወፍራም ፕላስቲክ ናቸው፣ ክፍሎቻቸውም የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይይዛል። ችግራቸው ነፋስ ነው፤ ከውሃው በላይ ከፍ ብለው ስለሚንሳፈፉ በቀላሉ ይገፋሉ። ሳይደርቁ ከታጠፉም ይሻግታሉ።

4ኛ ደረጃ፦ የመሸከም አቅሙን ያስሉ

አምራቹ የሚጽፈው የመሸከም አቅም ካያኩ ከመስመጡ በፊት ያለ የመጨረሻ ቁጥር ነው ብለው ይውሰዱትና ከ70 በመቶው በላይ አይጫኑት። ለምሳሌ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ልብስና ጃኬት 5 ኪሎ፣ ዘንግና የማጥመጃ ሣጥን 8 ኪሎ፣ ምግብና ውሃ 4 ኪሎ፣ መልሕቅና ገመድ 3 ኪሎ ቢይዝ ድምሩ 100 ኪሎ ይሆናል። 100ን ለ0.7 ሲያካፍሉ 143 ይመጣል። ስለዚህ ይህ ሰው ቢያንስ 145 ኪሎ የሚል ካያክ ይፈልጋል። ከመጠን በላይ የተጫነ ከላይ የሚቀመጡበት ካያክ ውሃን በወለሉ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ማስገባት ይጀምራል፣ መረጋጋቱም ይቀንሳል። የያዙትን ዓሣ መልሰው የማይለቁ ከሆነ ክብደቱን ይጨምሩበት።

5ኛ ደረጃ፦ ያንሡት

ሱቅ ውስጥም ሆነ ሻጩ ቤት፣ ካያኩን ብቻዎን ከመሬት አንሥተው ወገብዎ ድረስ ያድርሱት። ፖርቶመጋላ ላይ የሚጭኑ ከሆነ አንዱን ጫፍ ጣሪያ ላይ አስደግፎ ሌላውን መግፋት ስለሚቻል ሙሉውን ክብደት በአንድ ጊዜ መሸከም አይጠበቅብዎትም፤ ግማሹን ግን ከትከሻ በላይ ማድረስ ይኖርብዎታል። 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ተራ የፕላስቲክ ካያኮች ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናሉ። በፔዳል የሚነዱት ሁሉ ነገራቸው ተገጥሞ ከ40 ኪሎ የሚያልፉ ብዙ ናቸው።

ሆቢ የተባለው ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. የእግር መንጃውን ካስተዋወቀ ወዲህ ፔዳል በአጥማጆች ዘንድ በጣም ተወዷል፤ እጅን ለዘንጉ ነፃ ማድረጉም እውነተኛ ጥቅም ነው። ዋጋውና ክብደቱ ግን ለሁለተኛው ካያክ የሚተው ነው።

6ኛ ደረጃ፦ መቀመጫው ላይ ጊዜ ይውሰዱ

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አራትና አምስት ሰዓት ሳይነሣ ይቀመጣል። ስስ ስፖንጅ ያለው መቀመጫ በመጀመሪያው ሰዓት ደስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወገብ መናገር ይጀምራል። በብረት ማዕቀፍ ላይ ጨርቅ የተወጠረበት መቀመጫ ከሁሉ ይመቻል፣ ሱሪም አያርስም። በጀቱ እዚያ ካልደረሰ፣ ጥሩ ሰውነትና መጥፎ መቀመጫ ያለውን ካያክ ገዝቶ መቀመጫውን በኋላ መቀየር ይቻላል። እየገዙት ያለው ካያክ መቀመጫ በማንጠልጠያ የሚታሰር መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

7ኛ ደረጃ፦ ያገለገለ ካያክን መመርመር

ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ካያኮች የሚሠሩበት ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ጭረትን ይችላል፤ ሆዱ በጭረት የተሞላ ካያክ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ካያክ የሚያከራዩ ድርጅቶች በወቅቱ ማብቂያ ላይ የድሮዎቹን ስለሚሸጡ ያኔ መጠየቅ ይጠቅማል። ጭረት አያስደንግጥዎ፤ የሚያስፈሩት ሌሎች ናቸው።

ካያኩን ገልብጠው ከኋላ በኩል ሆዱ መሬት የሚነካበትን ጫፍ ይመልከቱ። በአስፋልትና በድንጋይ ላይ የተጎተተ ካያክ የሚሳሳው እዚያ ነው። በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት ከሌላው ቦታ ይልቅ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ሊበሳ ተቃርቧል። ቀጥሎ የወለሉን ቀዳዳዎች ዙሪያ በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ፤ ካያኩን ለማጓጓዝ ቀዳዳው ውስጥ በሚሰኩ ጋሪዎች ምክንያት ክብደቱ በሙሉ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ቀጫጭን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ከስንጥቅ ሁሉ ለመጠገን የሚያስቸግረው ይህኛው ነው።

ፀሐይ ላይ የኖረ ፕላስቲክ ቀለሙ ይነጣል፣ ሲዳሰስ ዱቄት ይተዋል፣ ይደርቃል። ጤነኛ ፕላስቲክ ሲጫኑት ገባ ብሎ ይመለሳል፤ ሲጫኑት ከጮኸ ይተዉት። የጎደጎደ ሆድ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል፦ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ወይም ሙቅ ውሃ አፍስሶበት ከውስጥ በኩል መግፋት ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ጉድጓዱን ለዋጋ መቀነሻ ይጠቀምበታል።

ክዳኖቹን ይክፈቱ፣ ጎማቸው መድረቁን ይዩ፣ ውስጡን ያሽቱ። ሻጩ ከፈቀደ 10 ሊትር ያህል ውሃ ውስጡ አፍስሰው ካያኩን በሁለት በኩል ያዘንብሉት፤ በውጭ በኩል የሚንጠባጠብበት ቦታ ችግሩን ያሳያል። ዘንግ ማስቀመጫና እጀታ በብሎን የገቡበት ቦታ ማፍሰሱ የተለመደ ነው፣ በማሸጊያ ማስቲሽም ይድናል። በመጨረሻ ከኋላ በቀኝ ጎኑ የተጻፈውን የጀልባ መለያ ቁጥር ይፈልጉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ይነግሩዎታል። መለያው ተፍቆ ከጠፋ ካያኩ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል አይግዙት።

8ኛ ደረጃ፦ ውሃ ላይ ይሞክሩት

አንዳንድ ሱቆች የሙከራ ቀን አላቸው፤ ከሌላቸው ተመሳሳይ ሞዴል ለግማሽ ቀን ይከራዩ። ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ከስሕተት ግዢ ያድናል። ተቀምጠው ወደ ኋላ ይዙሩና ከጀርባዎ ዕቃ ያንሡ፤ መንጠቆ እንደሚወረውሩ ሆነው ወገብዎን ያዙሩ፤ ነፋስ ካለ ነፋሱን ተጋፍተው ይቅዘፉ። እግርዎ ማሳረፊያው ላይ ጉልበትዎ በትንሹ ታጥፎ መድረስ አለበት።

9ኛ ደረጃ፦ ከገዙ በኋላ

ብሎን ለመብሳት አይቸኩሉ። የፕላስቲክ የጠርሙስ ሣጥን ከመቀመጫው ጀርባ ካሰሩና ጎኑ ላይ ቁራጭ የውሃ ቱቦዎች ካቆሙ ዘንግ ማስቀመጫ አገኙ ማለት ነው። የዓሣ መፈለጊያ ስክሪኑ ይቆይ፤ ውሃውን ሲለምዱት የት መጫን እንዳለበት ያውቃሉ። መልሕቅን በፍጹም ከካያኩ ጎን ላይ አይሰሩ፣ ሞገድ ወይም ወራጅ ውሃ ሲጎትተው ይገለብጠዋልና፤ ገመዱ ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ይውጣ፣ በአደጋ ጊዜ የሚቆርጡት ቢላም ጃኬትዎ ላይ ይኑር። ውሃ የሚጥለቀለቅበትን ወራጅ ወንዝ ግን ለጊዜው መልሕቅ የማይጣልበት ቦታ አድርገው ይያዙት።

ዘንግ ይዘው ከመውጣትዎ በፊት አንድ ከሰዓት ለመውደቅ ይመድቡ። ሞቅ ባለ ቀን፣ አንድ ሰው ዳር ቆሞ እያየዎት፣ ጃኬት ለብሰው፣ ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ ሆን ብለው ይገልብጡት። በሆዱ በኩል እጅዎን አሻግረው ሩቁን ጠርዝ ይዘው ወደ ራስዎ በመጎተት ይመልሱት። ከዚያ በእግርዎ ውሃውን እየመቱ በደረትዎ ካያኩ ላይ ይውጡ፣ በሆድዎ ተኝተው ይገልበጡና መጀመሪያ በመቀመጫዎ ይቀመጡ፤ እግርዎን መጨረሻ ላይ ያስገቡ። ሳያርፉ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መውጣት እስኪሆንልዎት ድረስ ይደጋግሙት። ካልሆነልዎት፣ መቀመጫው ጋ የታሰረና እንደ እርካብ የሚረገጥ የገመድ ቀለበት ጨምረው እንደገና ይሞክሩ።