መብራትን በውሃ ማጠራቀም፦ ከቤት በላይ ያለ ኮረብታና አንድ ኩሬ

ጣና ዳር ተዳፋት መሬት ካላችሁ፣ ቀን በሶላር ፓምፕ የሐይቁን ውሃ ኮረብታ ላይ ወዳለ ኩሬ ታወጡታላችሁ፣ ማታ ትለቁታላችሁ፣ ሲወርድ ተርባይን አሽከርክሮ መብራት ይሰጣችኋል። ጣና በለስም ቢሆን ቁልቁል በሚወርድ ውሃ ነው የሚሠራው፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና ውሃ ከ300 ሜትር በላይ እየወረደ ባለ 460 ሜጋ ዋቱን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ጣናን ግን ዝናብና ወንዝ ይሞሉታል። የእናንተን ኩሬ የምትሞሉት እናንተው ናችሁ።

ስለዚህ ከአካፋው በፊት ሒሳቡ ይቅደም። መጀመሪያ ከፍታውን ለኩ። ግንበኞች የሚይዙት ግልጽ ቱቦ ውሃ ልክ ይበቃል፤ ከታች ጀምራችሁ በየእርምጃው እየመዘገባችሁ ውጡ። ባሕር ዳር ከተማው ሜዳ ስለሆነ ይህ ነገር የሚሆነው ተዳፋት መሬት ላለው ሰው ብቻ ነው።

30 ሜትር አገኛችሁ እንበል። እዚያ ላይ 60 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 600 ኩንታል ውሃ ብታስቀምጡ የሚይዘው ጉልበት 4.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ትንሽ ተርባይንና ጄኔሬተር ግማሹን ያህል ያባክናሉ፤ 2.4 ይቀራችኋል። አስር ባለ 10 ዋት አምፖሎችን 24 ሰዓት ያበራል። የእንጀራ ምጣድ ግን አይታሰብ። ልክ ይህንኑ ያህል ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪዎች ይይዛሉ። ለአምፖልና ለስልክ ብቻ ከሆነ ባትሪ ግዙ፣ በቃ። ኩሬው የሚያዋጣው ጓሮው ውሃ የሚጠጣ ጌሾ፣ ማንጎ ወይም ሽንኩርት ላለው ነው፤ አንዱ ውሃ ሁለት ሥራ ይሠራልና።

ቆፍሩ እንጂ አፈር ከምራችሁ ግድብ አትሥሩ። አፉ 8 በ8፣ ታቹ 4 በ4፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር፤ ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር ባዶ ስትተዉ 60 ሜትር ኩቡን ይይዛል። ከቤት ትይዩ በላይ አይሁን። ለክረምት ዝናብ ማስተንፈሻ ቦይ አውጡለት። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ የኩሬ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ከመዘርጋታችሁ በፊት ጫማችሁን አውልቁና ወለሉን በባዶ እግር ዙሩት፤ እግራችሁን የወጋ ጠጠር ፕላስቲኩንም ይበሳዋል። ዙሪያውን እጠሩ፣ ጠንካራ ገመድም ውስጡ አንጠልጥሉ። ፕላስቲኩ ያንሸራትታል፣ የወደቀ ልጅ ያለ ገመድ አይወጣም። ይህን ነገ እናደርገዋለን አትበሉ።

ከሐይቁ ለመሳብ መጀመሪያ ቀበሌውን ጠይቁ። ፓምፑን ከውሃው ገጽ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉት፤ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ፓምፕ እንደ ቆላው አይስብም። ጣና ደግሞ ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይሸሻል፣ ስለዚህ ፓምፑ የሚንቀሳቀስ ይሁን። የመሳቢያው አፍ ላይ ወንፊት እሰሩ፣ አለዚያ እምቦጩ ይደፍነዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቱቦው ላይ ነው። 300 ዋት ለማግኘት በሰከንድ 2 ሊትር መውረድ አለበት። ባለ 63 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ100 ሜትር ርዝመት የሚወስድባችሁ ከከፍታው 1.5 ሜትር ያህል ነው፤ ባለ 32 ከገዛችሁ ግን ሠላሳ ሜትራችሁን ሙሉውን ይውጠዋል። ከቁፋሮው ወጪ ቀንሱ እንጂ ከቱቦው አትቆጥቡ።

ተርባይኑን ከማሳው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት። ከሱ የሚወጣው ውሃ ግፊት የለውም፤ ራሱ ፈስሶ ቦዩ ውስጥ መግባት አለበት። አምፖሉ ሲጠፋ ተርባይኑ ያለ ልክ እንዳይፈጥን፣ ትርፉን መብራት ወደ ማሞቂያ የሚልክ መቆጣጠሪያም ይኑረው። ቫልቩን ስትዘጉ ቀስ በሉ። በአንዴ ከጠረቀማችሁት የሚወርደው ውሃ ቱቦውን እንደ መዶሻ ይመታዋል፣ መጋጠሚያውም ይፈነዳል።