መረጃችሁ ሾልኮ ወጥቷል? ከኢሜይላችሁ ጀምሩ

«መረጃዎ በሌሎች እጅ ሳይገባ አልቀረም» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ፣ ውስጡ ያለውን ሊንክ አትንኩት። እንዲህ ያለ ወሬ ሲወጣ አጭበርባሪውም ያንኑ የሚመስል መልእክት ይልካላ! የድርጅቱን ድረ ገጽ አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» (Have I Been Pwned) የሚባል ድረ ገጽም አለ፤ ኢሜይላችሁን ስታስገቡ በየትኞቹ የታወቁ ስርቆቶች ውስጥ እንደተገኘ በነጻ ያሳያችኋል።

ብዙ ሰው መረጃው የወጣበትን አካውንት ፓስወርድ ቀይሮ እፎይ ይላል። እሱማ ግድ ነው። ግን ቅድሚያ ለኢሜይል ስጡ፤ «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባል የሌላው ሁሉ መቀየሪያ የሚላከው እዚያ ነዋ።

ፓስወርዱን ቀይራችሁ ቶሎ አትውጡ። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የተመዘገበው መጠባበቂያ ስልክ የእናንተ መሆኑን፣ የማታውቁት መሣሪያ ገብቶ እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብዳቤያችሁን በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ተቀምጦ እንደሆነ እዩ። ይቺን ብዙ ሰው አያያትም። ሌባው ግን ፓስወርድ ብትቀይሩም በእሷ በኩል ቁጭ ብሎ ያነባል።

ቀጥሎ የወጣውን ፓስወርድ የተጠቀማችሁበት ቦታ ሁሉ ቀይሩት። አንድ ቦታ የተሰረቀውን ኢሜይልና ፓስወርድ በፕሮግራም ሌላም ቦታ ይሞክሩታል። መጨረሻው ላይ «1» ጨምሮ ቀየርኩ ማለት ራስን መሸወድ ነው። ለየአካውንቱ የተለየ ፓስወርድ በጭንቅላት አይያዝም፣ ስለዚህ ፓስወርድ ማናጀር፣ ማለትም ፓስወርዶቻችሁን ቆልፎ የሚይዝላችሁ አፕ፣ ተጠቀሙ። ደብተር ላይ ጽፎ ቤት መቆለፍ እንኳ አንዱን ሁሉም ቦታ ከመደጋገም ይሻላል፤ ማንም ቢስቅባችሁ።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ፤ ከፓስወርዱ ሌላ ኮድም ይጠይቃል። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፣ ግን ቁጥራችሁን በሌላ ሲም ያወጣ ሰው ኮዱንም ይቀበላል። እንደ ጉግል ኦተንቲኬተር ያለ ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ የሚያወጣ አፕ ይመረጣል፤ አካውንቱ የሚሰጣችሁን መጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አለበለዚያ ስልኩ የጠፋ ቀን ራሳችሁ ውጭ ትቀራላችሁ። ቴሌግራም ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ መግቢያው ኮዱ ነው፣ እናንተ የምትጨምሩት ፓስወርዱን ነው።

ከዚህ በኋላ ለወራት፣ ሙሉ ስማችሁን ጠርቶ የሚደውል አይጠፋም። ስማችሁና ቁጥራችሁ እኮ ወጥቷል። «የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ካለ ዝጉበት።