ሰረዝ ያለበት ዶሜይን ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ግምቱን እንዴት እንደሚሠሩ

ሀዋሳ ላይ ሎጅ፣ የጀልባ ሽርሽር ወይም የዓሣ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ለድረ ገጹ የፈለገው ስም (ዶሜይን) ተይዞ ሲያገኘው፣ ዶሜይን ሻጩ ድርጅት ብዙውን ጊዜ ያንኑ ስም መሃሉ ላይ ሰረዝ አስገብቶ ያቀርብለታል። ዋጋው በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። «ነገ አተርፍበታለሁ» ብሎ አምስት አሥር ስም የሚገዛም አለ። ነገር ግን ሰረዝ ያለበትን ስም ዋጋ የሚወስነው ሰረዝ የሌለው አቻው በማን እጅ እንዳለና ምን እየተሠራበት እንደሆነ ነው። የሚከተለውን ቅደም ተከተል ከመግዛትዎም ከመሸጥዎም በፊት ይጠቀሙበት።

1. ሰረዙን ይቁጠሩ፣ የገባበትንም ቦታ ይዩ

ሁለትና ከዚያ በላይ ሰረዝ ካለው ግምቱን እዚሁ ላይ ይጨርሱ፤ ገዢ የለውም ብለው ይያዙት። አንድ ሰረዝ ብቻ ካለው፣ ሁለት ሙሉ ቃላትን የሚለይ መሆኑን ይመልከቱ። አንድን ቃል ለሁለት የሚሰነጥቅ ሰረዝ ዋጋ አያስገኝም።

ሰረዝ በእርግጥ የሚጠቅምባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው የንግዱ ስም ራሱ ሰረዝ ሲኖረው ነው፤ ኮካ-ኮላ፣ መርሴዲስ-ቤንዝና ሮልስ-ሮይስ ሰረዙን በዶሜይናቸው ውስጥ የያዙት ስማቸው እንደዚያ ስለሚጻፍ ነው። ሁለተኛው ቃላቱ ሲገጣጠሙ ለዓይን የሚምታቱ ከሆነ ነው። «ሀዋሳ» እና «አርት» የሚሉትን በላቲን ፊደል ያለ ሰረዝ ቢያጋጥሟቸው መሃል ላይ ሁለት «ኤ» ይደራረባሉ፤ የሚጽፈው ሰው አንዱን ይዘለዋል። እዚህ ላይ ሰረዙ ሥራ አለው።

የስም አሰጣጥ ደንቡንም ይወቁት፦ ከነጥቡ በፊት ያለው ክፍል ከ63 ፊደል አይበልጥም፣ ሰረዝ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አይገባም፣ ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ተከታትሎ የሚገባ ሰረዝ በላቲን ፊደል ላልተጻፉ ስሞች የተያዘ ነው። የታችኛው መስመር፣ ማለትም አንደርስኮር፣ በድረ ገጽ ስም ውስጥ አይፈቀድም። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ሰረዝ ሲባል አንደርስኮር ጽፎ «አልከፍት አለኝ» ይላል።

2. ሰረዝ የሌለውን አቻ ይመርምሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የዶሜይን ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት የፍለጋ ገጽ ላይ ሰረዝ የሌለውን ስም አስገብተው የተመዘገበበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ያለበትን ሁኔታ ያንብቡ። ከዚያ ስሙን በማሰሻ ከፍተው ምን እንደሚታይ ይመልከቱ። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከአራት አንዱ ይሆናል።

ስሙ ነጻ ከሆነ የእርስዎ ባለሰረዝ ስም ገበያ የለውም። ማንኛውም ገዢ የተሻለውን ስም በመመዝገቢያ ዋጋ ማግኘት ይችላልና። የሚሻለው ነጻውን ስም ራስዎ መመዝገብ ነው።

በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት እየተጠቀመበት ከሆነ ሁኔታው አስቸጋሪ ነው። የእርስዎን ስም የሚገዛ ሰው ከደንበኞቹ ከፊሉን በየቀኑ ለተፎካካሪው ይልካል፤ ሰረዙን የረሳ ሁሉ እዚያ ይደርሳልና። የኢሜይሉ ጉዳት ደግሞ ይብሳል። የክፍል ማስያዣ፣ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም የባንክ ሰነድ ሰረዙ ተዘልሎ ሲላክ፣ ተፎካካሪው ማንኛውንም አድራሻ የሚቀበል የኢሜይል ሳጥን ከከፈተ በቀጥታ እጁ ይገባል፤ ላኪውም የስህተት መልእክት ስለማይደርሰው አያውቅም። «እንግዲያው የአቻው ስም ባለቤት ራሱ ይግዛኝ» ማለት ፈታኝ ነው፤ እሱ ግን ደንበኛ እየደረሰው እንጂ እየጠፋበት ስላልሆነ ለመክፈል የሚያስገድደው ነገር የለም።

«ይሸጣል» የሚል ገጽ ላይ ዋጋ ተለጥፎበት ካዩ ይህ ከአራቱ ምርጡ ውጤት ነው። ዋጋው ለእርስዎ ስም ጣሪያ ይሆናል። 5,000 ዶላር መክፈል ያልፈለገ ገዢ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኘውን ባለሰረዝ ሊያስብበት ይችላል።

ጊዜው ያለፈበት ወይም የማይከፈት ከሆነ ይጠንቀቁ። በዶት ኮም ሥርዓት ስም ካበቃ በኋላ መዝጋቢው (ስሙን የሸጠው ድርጅት) እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፣ ከዚያ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ፣ ከዚያ 5 ቀን የመሰረዣ ጊዜ አለ። ሁኔታው ላይ «ሪደምፕሽን» ወይም «ፔንዲንግ ዲሊት» የሚል ካዩ ምንም አይግዙ፤ አቻው ነጻ ሊወጣ ስለሚችል እስኪለይለት ይጠብቁ። ጥሩ ስሞች ግን ነጻ ከመውጣታቸው በፊት ብዙ ጊዜ በመዝጋቢው ጨረታ ላይ ይሸጣሉ።

3. ከነጥቡ በኋላ ያለውን መጨረሻ ይመዝኑ

ባለሰረዝ ስም መጠነኛ ገበያ ያለው በዶት ኮም ነው። የጀርመን ዶት ዲኢ ለየት ይላል፤ ጀርመኖች ረጃጅም ጥምር ቃላትን በሰረዝ መለየት ስለለመዱ እዚያ ሰረዝ እንደ ጉድለት አይታይም። ይህን ግምት ግን ወደ እኛ ገበያ ማምጣት አይቻልም። በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው ዶት ኢቲ ላይና በሥሩ ባለው ዶት ኮም ዶት ኢቲ ላይ ሰረዝ የሌለው ስም ነጻ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የሀዋሳ ገዢ ይህን ካወቀ ለእርስዎ ባለሰረዝ ዶት ኮም የሚከፍለው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያንንም አስቀድመው ያጣሩ።

4. በስልክ ይፈትኑት

ስሙን ለአምስት ሰው በስልክ ይንገሩና ጽፈው በቴሌግራም እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ሳያርሙ፣ ሳይደግሙ። በትክክል የጻፉት ከአራት ካነሱ ዋጋውን ቢያንስ በግማሽ ይቀንሱ።

የሀዋሳ ስሞች በዚህ ፈተና ብዙ ይወድቃሉ። የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል መጀመሪያው ላይ «ኤች» ኖሮትም ሳይኖረውም ይጻፋል፤ መሃሉ ላይ አንድ «ኤስ» የሚያደርግም ሁለት የሚያደርግም አለ። ይህ ብቻ አራት አጻጻፍ ነው፤ ሰረዝ ሲጨመርበት ስምንት ይሆናል። ሰረዙ ስሙ ላይ ከነበረው ችግር በላይ የተደረበ ችግር ስለሚሆን፣ አጻጻፉ አንድ ብቻ ከሆነ ስም ጋር እኩል አይገመትም።

በተቃራኒው ሰዎች ስሙን ሳይጽፉ የሚነኩት ከሆነ ሰረዙ አይጎዳም። ከቴሌግራም ቻናል፣ ከጉግል ካርታ ወይም ምግብ ዝርዝሩ ላይ ከተለጠፈ ኪውአር ኮድ የሚመጣ እንግዳ ሰረዙን አያየውም። በኤፍኤም ሬዲዮ የሚያስተዋውቅ ወይም በባጃጅ ጀርባ ላይ ስሙን የሚያስጽፍ ነጋዴ ግን ጉዳቱን በሙሉ ይሸከማል። ታፔላ ላይም ሰረዙ ከሩቅ አይታይም፤ ጻፊው ሲያሳምረው የሚተወው ጊዜም አለ። ገዢዎን ሲፈልጉ ደንበኛው በየት በኩል እንደሚመጣለት ያስቡ።

5. የስሙን የቀድሞ ታሪክ ያጣሩ

ዌይባክ ማሽን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀመጡ ገጾችን ያሳያል። ስሙን አስገብተው ቀድሞ ምን እንደነበረበት ይዩ። የቁማር ወይም የሐሰት መድኃኒት ገጽ ከነበረበት ኢሜይሉ ሳይቀር በአላስፈላጊ መልእክት (ስፓም) ማጣሪያ ሊታገድ ይችላል፤ ይተዉት።

በፊት ባለሰረዝ ስሞች ይፈለጉ የነበረው በፍለጋ ውጤት ከፍ ይላሉ ተብሎ ነበር። ጉግል በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ባደረገው ማሻሻያ ደካማ ይዘት ያላቸውን፣ ከፍለጋ ቃሉ ጋር አንድ የሆኑ ስሞችን ዝቅ አድርጓል። ዛሬ «ቃሉ ስሙ ውስጥ አለ» የሚለው ብቻውን ዋጋ ማስከፈያ ምክንያት አይሆንም። ስሙ ከታወቁ ገጾች እውነተኛ ማገናኛዎች (ሊንኮች) ካሉት ግን ይህን ለብቻው ይመዝግቡ፤ አንዳንድ ገዢ የሚከፍለው ለማገናኛዎቹ ነው።

የታወቀ ባንክ፣ ሆቴል ወይም ፋብሪካ ስም ከሰረዝ ጋር የያዘ ዶሜይን በፍጹም አይግዙ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የዶሜይን ክርክር ደንብ በሚታይባቸው ጉዳዮች፣ ሰረዝ መጨመር ስሙን የተለየ አያደርገውም የሚለው የተለመደ ውሳኔ ነው። የንግድ ምልክቱ ባለቤት ካሸነፈ ስሙ ያለ ካሳ ይወሰዳል። በአገር ውስጥም የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይጠበቃል።

6. ዋጋውን ያስሉ

ኔምባዮ የተባለው ገጽ ያለፉ ሽያጮችን ይዘረዝራል። ሰረዝ ያላቸውን ብቻ፣ ያው መጨረሻና ያው የቃላት ብዛት ያላቸውን፣ የቅርብ ዓመታቱን ለይተው ይፈልጉ። አንድ ትልቅ ሽያጭ አያታልልዎ፤ መሃል ላይ ያለውን ዋጋ ይውሰዱ። ዋጋ የሚገምቱ ፕሮግራሞች የሰረዙን ጉዳት ሁልጊዜ በሚገባው ልክ አይቀንሱም።

ተመሳሳይ ሽያጭ ካጡ፣ ሰረዝ የሌለው አቻ ሊሸጥበት ከሚችለው ዋጋ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይያዙ። ይህ የልምድ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። የተለጠፈ ዋጋና የተሸጠበት ዋጋም አንድ አይደሉም።

በቁጥር እንየው። አቻው 2,000 ዶላር ተለጥፎበታል እንበል፤ በግማሹ ይሸጣል ብለን 1,000 እንያዝ። የእርስዎ ስም ከ50 እስከ 100 ዶላር ይገመታል። የገበያው ኮሚሽን 15 በመቶ ቢሆን ከ42.50 እስከ 85 ይቀራል። የባንክ የሐዋላ ክፍያ 25 ዶላር ቢሆን ከ17.50 እስከ 60 ይሆናል። ስሙን ለሦስት ዓመት በ12 ዶላር እያደሱ ከቆዩ 36 ዶላር አውጥተዋል። ዝቅተኛው ግምት ላይ 18.50 ዶላር ከስረዋል፤ ከፍተኛው ላይ 24 ዶላር አትርፈዋል። አሥር ስም ይዞ አንዱን ብቻ የሸጠ ሰው ደግሞ የዘጠኙን እድሳት ከዚህ ላይ ይከፍላል።

ለዚህ ነው ለአገር ውስጥ ገዢ በብር መሸጥ የሚሻለው፤ ኮሚሽንና የውጭ ሐዋላ የለም። ከባዶ ስም ይልቅ ፎቶ፣ የዋጋ ዝርዝርና የስልክ ቁጥር የተሟላበት ቀለል ያለ ገጽ ከስሙ ጋር ቢያቀርቡ፣ የሐይቁ ዳር እንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሚከፍልበትን ነገር በዓይኑ ያያል። ሰረዙን አይደብቁት፤ ራስዎ አንስተው ለምን ለእሱ እንደማይጎዳ ያስረዱት።

7. ሲሸጡ

ለውጭ ገዢ ሴዶ ወይም አፍተርኒክ በተባሉ የዶሜይን መሸጫ ገጾች ላይ ይለጥፉ፤ ከመለጠፍዎ በፊት ክፍያው ኢትዮጵያ ወዳለው ሒሳብዎ በምን መንገድ እንደሚደርስ ባንክዎን ይጠይቁ። አዲስ የተመዘገበ ወይም የተዛወረ ስም በተለምዶ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ አይሄድም፤ በዚያው መዝጋቢ ውስጥ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ማስተላለፍ ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። የማዛወሪያ ኮዱን ገንዘቡ በእጅዎ ወይም እንደ ኤስክሮው ዶት ኮም ባለ አደራ ያዥ ዘንድ ሳይገባ ለማንም አይስጡ። ከአገር ውስጥ ገዢ ጋር ስሙን ከነሰረዙ በላቲን ፊደል የያዘ አጭር ውል ይፈራረሙ፤ ቀጣዩን እድሳት ማን እንደሚከፍል ይጻፉበት።

አንድ ማጭበርበር በጣም የተለመደ ነው። «ስምዎን በ8,000 ዶላር እገዛለሁ» የሚል ኢሜይል ይመጣል፤ ከዚያ ገዢ ነኝ ባዩ ከጠቆመው ገጽ የዋጋ ምስክር ወረቀት እንዲገዙ ይጠየቃሉ። ምስክር ወረቀቱን ከገዙ በኋላ ሰውየው ይጠፋል። እውነተኛ ገዢ ሻጩን አስቀድሞ አያስከፍልም።

8. መልቀቅ ያለበትን ይልቀቁ

ስሙ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጠያቂ ካላገኘ አያድሱት። ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ቅንብር ከማብቂያው ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀድመው ያጥፉ፤ አንዳንድ መዝጋቢዎች ክፍያውን አስቀድመው ይቆርጣሉ። በስሙ የከፈቱት ኢሜይል ካለ ባንክ፣ ቴሌግራምና ማኅበራዊ ገጾች ላይ ያስመዘገቡትን አድራሻ በመጀመሪያ ይቀይሩ። ስሙን ነገ የሚመዘግበው ሰው የይለፍ ቃል ማደሻ መልእክቶችዎን ሊቀበል ይችላልና።