አዳማ ቢሮ ተቀምጦ አዲስ አበባ የሚታተምን ሥራ ቀለም ማጽደቅ እንዴት ይቻላል?

አዳማ ላይ ዲዛይኑ ተሠርቶ አዲስ አበባ የሚታተም ሥራ ብዙ ነው። ለአንድ የቀለም ፕሩፍ (ከዋናው ሕትመት በፊት ቀለሙ የሚታይበት ናሙና) ብሎ ወደ 100 ኪሎ ሜትር መሄድና መመለስ ቀን ይበላል። የቢሮው ከለር ሌዘር ፕሪንተር ይህን ሊያስቀርላችሁ ይችላል፤ የእናንተና የማተሚያ ቤቱ ፕሪንተር ግን አንድ ዓይነት ቀለም ማውጣት አለባቸው።

መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱ በምን ወረቀትና በየትኛው የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሞቹ በዚያ ማሽንና ወረቀት እንዴት እንደሚወጡ የሚገልጽ ፋይል) እንደሚያትም ጠይቁ። ለአብረቅራቂ ወረቀት ፎግራ 39 እና ፎግራ 51 የሚባሉት ፕሮፋይሎች የታወቁ ናቸው። ፋይሉን በተነገራችሁ ፕሮፋይል ፒዲኤፍ ኤክስ 4 (ለሕትመት የሚሆን የፒዲኤፍ ዓይነት) አድርጋችሁ አውጡ።

ከዚያ ወደ ፕሪንተሩ። ሌዘር ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት አያትምም። ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር የቀለም ዱቄት) ወረቀት ላይ የሚያርፈው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥ ቀለሙም ይለዋወጣል፤ የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጥቂት ገጾች አትማችሁ ካሞቃችሁት በኋላ ካሊብሬት አድርጉ (በፕሪንተሩ ማስተካከያ ቀለሙን ወደ ልኩ መልሱ)፣ በየቀኑ። ቶነር ቆጣቢውንና ቀለም ማድመቂያውን አጥፉ። እኔ ማድመቂያውን ሳላጠፋ የቡና ማሸጊያ አጽድቄ አውቃለሁ። ፕሩፉ ላይ ሞቅ ያለው ቡናማ ታትሞ ሲመጣ ደብዝዞ ነበር፤ ደንበኛዬ ማሸጊያውን አገላብጣ አይታ «ይሄ የኔ ቡና አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ስታትሙ መጠኑ 100% ይሁን። በማተሚያ ቅንብሩ ላይ መነሻው የማተሚያ ቤቱ ፕሮፋይል፣ መድረሻው የፕሪንተራችሁ ፕሮፋይል፤ የቀለም አለዋወጡን አብሶሉት ኮሎሪሜትሪክ አድርጉት፣ የወረቀቱን ነጭነት ጭምር ያሳያል።

አሁን ዋናው ነገር። በእያንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ሁለት ካሬዎች አስቀምጡ፦ አንዱ ሲያን (ሰማያዊው) 50%፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀዩ) 40%፣ ቢጫ 40%፤ ሌላው ጥቁር ብቻ 50%። ጎን ለጎን ሲታዩ ተቀራራቢ ግራጫ መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ቀላ ካለ ማጀንታው በዝቷል፤ ወደ አረንጓዴ ካደላ ማጀንታው አንሷል። ፎቶ ውስጥ ተደብቆ የሚያልፍ መዛባት ግራጫ ላይ ወዲያው ይታያል። መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ከሌላችሁ ግን ይህን አትዝለሉት።

ወረቀቱም አንድ ይሁን፤ አንድ ሪም ገዝታችሁ ግማሹን ለማተሚያ ቤቱ ላኩ። እነሱም ያንኑ ፋይል ያትሙ። የመጀመሪያውን ጊዜ የናንተን ቅጂ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ስጡና ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ያስተያዩ። እስኪገጥም አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ የሚጓዘው ፋይሉ ብቻ ነው፣ ማጽደቁ በስልክ ያልቃል። ስታዩት 5000 ኬልቪን አምፖል ሥር፣ ካልሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያርፍበት መስኮት አጠገብ።

ወርቃማና ብርማ ቀለም፣ እንዲሁም ለብቻው የሚቀላቀል የድርጅት መለያ ቀለም በዚህ መንገድ አታጽድቁ፤ አራቱ ቶነሮች አያወጡትም። ለእነዚህ በእውነተኛው ቀለም የተቀባ ናሙና ከማተሚያ ቤቱ ጠይቁ።

በስልክ ስትስማሙ እነሱ ጋ የወጣው ቅጂ ላይ የፋይሉ ስምና ቀኑ ይጻፍበት፤ ማሽኑን የሚያሠራው ሰው እጅ ይግባ።